ብርቅ የኮምፒዩተር ቋንቋ ማወቅ የብልጫ ምስክር ይሆናልን?

የኮምፒዩተር ትምህርት በሚሰጥበት በማናቸውም የከፍተኛ ትምህርት ተቋም፣ በጎንደርም እንደ ሌላው ሁሉ፣ ተማሪዎች ወደ መጨረሻው ዓመት ሲቃረቡ የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም በክፍል ውስጥ ከሚማሯቸው ከሲ ፕላስ ፕላስና ከጃቫ አልፎ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሠሩበትን የፕሮግራም ቋንቋ በግል ጥረት መማር በቀጣሪ ፊት ሰውን ከጓደኞቹ ያስበልጠዋል ወይስ ጊዜውን በከንቱ ያስጠፋበታል? የሚለው ነው። ጥያቄው ሲሰሙት የወጣቶች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ለተማሪው ከትምህርቱ የሚተርፈው ጊዜ እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ እንደ ሆነበት ያስታወሰ ሰው፣ ስድስት ወር በአንድ ቋንቋ ላይ ማዋል ምን ያህል ውድ ነገር እንደ ሆነ ይገባዋል። በሌላው ወገን ደግሞ ቀጣሪው አለ፤ እርሱም ከብዙ ማመልከቻ ውስጥ ጥቂቱን መርጦ መጥራት አለበት፤ የሚመርጥበት ምልክት የተሳሳተ እንደ ሆነ የሚጐዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን ሳይጠራ የቀረው ልጅ ጭምር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ብርቅ ቋንቋ» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ብርቅነት የቋንቋው ጠባይ አይደለም፤ የገበያው ጠባይ ነው። ሊስፕ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958፣ ፕሮሎግ በ1972፣ ኧርላንግ ኤሪክሰን በሚባለው የስዊድን የስልክ ኩባንያ ውስጥ በ1986፣ ሃስኬል ደግሞ በ1990 የወጡ ቋንቋዎች ናቸው። ሁሉም በዕድሜ ከጃቫ ይበልጣሉ፤ ጃቫ ለሕዝብ የወጣው በ1995 ነውና። ስለዚህ ብርቅ ናቸው መባላቸው አዲስ በመሆናቸው አይደለም፤ በቅጥር ማስታወቂያ ላይ ስማቸው ስለማይጠራ ነው። (ከዚህ በታች የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን፤ አንዱ ከሌላው ሊምታታ በሚችልበት ቦታ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት እናደርጋለን።)

ብርቅ ቋንቋ የብልጫ ምልክት ነው የሚለውን ሐሳብ በሰፊው ያሰማው ፖል ግራሃም የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራም ሠሪና ጸሐፊ ነው። እርሱ በ1995 ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመውን ቪያዌብ የተባለ ኩባንያ ፕሮግራም በሊስፕ ሠርቶ፣ በ1998 ለያሁ በ49 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሸጧል። በ2004 በጻፈው አጭር ጽሑፍ የተናገረው ቁም ነገር በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ያለ ነው፤ ሰዎች ጃቫን የሚማሩት ሥራ ስለሚያስገኝ ነው፤ ሥራ የማያስገኘውን ቋንቋ የሚማር ግን ነገሩን የሚወድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባልተለመደ ቋንቋ የሚሠራ ኩባንያ ጥቂት አመልካቾች ቢያገኝም የተሻሉ አመልካቾች ያገኛል።

አሁን የሚያስገርመው፣ ግራሃም በዚያ ጊዜ ለብርቅነት ምሳሌ አድርጎ የጠራው ቋንቋ ፓይተን መሆኑ ነው። ፓይተን ዛሬ በዓለም ዙሪያ ጀማሪዎች ፊደል የሚቆጥሩበት ቋንቋ ሆኗል። በ2004 ፓይተን አውቃለሁ ያለ ሰው ስለ ራሱ አንድ ነገር ይናገር ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ቢናገር ምንም አልተናገረም። እንግዲህ ምልክቱ በቋንቋው ውስጥ የሚኖር ነገር ቢሆን ኖሮ ከቋንቋው ጋር በቆየ ነበር። ምልክቱ ያለው በቋንቋው ሳይሆን ቋንቋውን ለመማር በተከፈለው ዋጋና ዋጋውን ለመክፈል ባነሣሣው ምክንያት ላይ ነው።

ይህን ነገር በኤኮኖሚክስ ሥርዓት አስይዞ የተነተነው ማይክል ስፔንስ ነው። በ1973 ባወጣው ጥናት እንዳስረዳው፣ ቀጣሪ የሠራተኛውን ችሎታ አስቀድሞ ማየት አይችልም፤ የሚያየው ምልክት ነው፤ ምልክትም ሊታመን የሚችለው ችሎታ ላለው ሰው ርካሽ፣ ለሌለው ግን ውድ የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ለሁሉም እኩል ርካሽ የሆነ ምልክት ሁሉም ይገዛዋል፤ ለሁሉም እኩል ውድ የሆነም ሀብታሙን ከድኻው ይለይ እንደ ሆነ ነው እንጂ ችሎታውን አይለይም። ስፔንስ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤልን ሽልማት ያገኘበት ሥራ ይህንኑ ይጨምራል።

እኛ በጎንደር የምንገኝ ተማሪዎች ይህን ለመረዳት ወደ አሜሪካ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በከተማችን ውስጥ ከስፔንስ አስቀድሞ ለብዙ መቶ ዓመታት የሠራ የምልክት ሥርዓት አለ፤ እርሱም የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጽሐፍ ቤት ይሸጋገራል። እያንዳንዱም የትምህርት ዘርፍ የራሱ ማስመስከሪያ ቦታ አለው፤ ድጓን የሚያስመሰክር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕትን የሚያስመሰክር ወደ ዙር አምባ ይሄዳል፤ ሁለቱም በጋይንት ናቸው። ቅኔ ፈላጊው ወደ ጎጃም ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይወርዳል። የጎንደር ድርሻ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው፤ ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ ሊቃውንትንና መጻሕፍተ መነኮሳትን አራቱንም ያጠናቀቀ ሰው «አራት ዐይና» ይባላል።

ቃሉን ልብ ማለት ይገባል፤ «አስመሰከረ» ነው የሚባለው። ተማሪው ዐወቅሁ አይልም፤ የሚያውቀው ሰው ዐወቀ ብሎ ይመሰክርለታል። በድጓ ቤት በቀድሞው ልማድ ተማሪው የሚማርበትን ድጓ በገዛ እጁ ገልብጦ መጻፍ ነበረበት። ይህ ዓይነቱ ምልክት ሁለት ጠባይ አለው፤ እጅግ ውድ ነው፤ ደግሞም ሲያልቅ ራሱ ሥራ ነው። አኮፋዳ አንግቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ እየተከላከለ ዓመታት ያሳለፈ ተማሪ ትምህርቱን ካልወደደው በቀር ሊቆይ አይችልም። ግራሃም ስለ ፓይተን ያለውን የኔታዎች ስለ ድጓ ቢሉት ኖሮ የበለጠ ያምርባቸው ነበር።

ይሁን እንጂ በዚህ አካባቢ ልናተኩርበት የሚገባን ሌላ ነገር ነው። የቅኔ ቤት በመከራው ብቻ አይፈርድም። ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ ያንኑ ደግሞ መቀኘት ነውር ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ መቁጠር ያስፈልጋል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ድረስ ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙንና ወርቁን፣ አገባቡንና ቤቱን እዚያው ያርማል። በበዓል ቀንም በማኅሌት መካከል ባለቅኔው ቆሞ ሲቀኝ የሚሰሙት ሊቃውንት ሁሉ ዳኞች ናቸው። ከዋሸራ ነው የመጣሁት ማለቱ ጆሮ እንዲሰጡት ያደርግ ይሆናል፤ የሚያስከብረው ግን በዚያች ሰዓት ያለው ቅኔ ነው። በሌላ አነጋገር በዚህ ሥርዓት ምልክቱ በር ይከፍታል እንጂ ፍርዱን አይሰጥም፤ ፍርዱን የሚሰጠው ሥራው ራሱ ነው።

ብርቅ ዕውቀት በምን ጊዜ ዋጋ እንደሚያጣ ደግሞ የአለቃ ገብረ ሐና ታሪክ ያሳየናል። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ነገር ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት በጎንደር በአታ የነበሩ ታላቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። በጣና ዳር የሞገዱንና የሸምበቆውን መወዛወዝ አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት ግን ስልቱን አልተቀበሉትም፤ በደብረ ታቦር ልጃቸው ተክሌ አስተማረውና ስሙም ከዚያ ወዲህ የተክሌ አቋቋም ሆነ። ያው ስልት በጎንደር የማፈንገጥ ምልክት፣ በደብረ ታቦር የሊቅነት ምልክት ነበረ። ሊቁ ግን አንድ ሰው ናቸው። እንግዲህ አንድ ሥራ ፈላጊ ኦካምል አውቃለሁ ብሎ ሲጽፍ፣ የሚያነበው ሰው በጎንደር ነው ወይስ በደብረ ታቦር? ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ብርቅ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ተፈላጊ የሚሆንበት ሁለት ምክንያት አለ፤ አንዱ ቋንቋው ስለ ሰውዬው ችሎታ የሚናገረው ነገር ነው፤ ሁለተኛው ሥራው ያንኑ ቋንቋ የሚፈልግ መሆኑ ነው። በ2020 ሚያዝያ ላይ በወረርሽኙ ምክንያት ሥራ ፈት የሆነው ሕዝብ ሲበዛ፣ የአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት አገረ ገዢ ኮቦል የሚያውቁ ፈቃደኞች ይምጡልን ብሎ በአደባባይ ለመነ። ኮቦል በ1959 የተነደፈ ነው፤ የግዛቱ የድጎማ ሒሳብ የሚሠራው በዚያ ነበርና። ይህ ኮቦል ዐዋቂ ሁሉ ብልኅ ነው ማለት አይደለም፤ እቃው አሮጌ፣ ጠጋኙ ጥቂት ሆነ ማለት ነው። በዋትስአፕም እንዲሁ ነው። ኩባንያው በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ለፌስቡክ ሊሸጥ ሲስማማ የነበሩት ሠራተኞች ከ50 ብዙም የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ተጠቃሚው ግን 450 ሚሊዮን ያህል ነበረ። ሥራውም በኧርላንግ ነው። ይህ ታሪክ ለብርቅ ቋንቋ ክብር ሲጠቀስ እንሰማለን፤ ነገር ግን ኧርላንግ ብዙ ግንኙነት በአንድ ጊዜ እንዲሸከም ለስልክ ሥራ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። የተመረጠው ከሥራው ጋር ስለ ገጠመ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ ለጥያቄያችን የሚሆን የቅርብ ማስረጃ አለን፤ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን አይመስለኝም። ካርዳኖ የተባለውን የዲጂታል ገንዘብ መዝገብ የሠራው ኩባንያ አይኦኤችኬ ይባል ነበር፤ የመዝገቡም ፕሮግራም የተጻፈው በሃስኬል ነው። ኩባንያው በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ፤ በ2019 መጀመሪያ ላይም በአዲስ አበባ ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀ የሃስኬል ኮርስ ከፈተ። ከኢትዮጵያና ከዑጋንዳ የመጡ ከ20 የሚበልጡ ወጣት ሴቶች ተማሩበት። ከዚያ በፊት ያንኑ ኮርስ በ2017 በአቴና፣ በ2018 በባርቤዶስ ሰጥቶ ነበር። የኩባንያውም ሐሳብ ከሚያጠናቅቁት መካከል ብቁ የሆኑትን መቅጠር ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? በዓለም ላይ ሃስኬል ከሚያስፈልጋቸው ጥቂት ኩባንያዎች አንዱ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ «ሃስኬል የሚያውቅ» አላለም። እንዲህ ቢል ኖሮ የሚመጣለት ሰው ጥቂት እንደሚሆን ግልጽ ነው። ይልቁንም ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት መሠረት ያላቸውን መርጦ ቋንቋውን ራሱ አስተማራቸው። ጄን ስትሪት የተባለው የአሜሪካ የንግድ ድርጅትም እንዲሁ ያደርጋል። ሥራው ሁሉ ማለት ይቻላል በኦካምል ነው፤ ነገር ግን አመልካቾች ኦካምል እንዲያውቁ አይጠይቅም፤ ከቀጠራቸው በኋላ ያስተምራቸዋል። እንግዲህ ብርቅ ቋንቋን ከማንም ይልቅ የሚያከብሩት ቀጣሪዎች፣ ቋንቋውን በጥቂት ወራት ሊማሩት የሚቻል ዕቃ አድርገው ያዩታል፤ በጥቂት ወራት የማይማሩትን ነገር ነው በፈተና የሚፈልጉት። ይህ በእኔ አስተያየት በክርክሩ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ማስረጃ ነው።

ነገር ግን ሌላ ወገን አለ፤ እርሱንም ማለፍ አይገባም። አብዛኞቻችን የምናመለክተው ለአይኦኤችኬ አይደለም። የምናመለክተው ለባንክ፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለሆስፒታል ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የቅጥር ማስታወቂያም «የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ብዛት፣ ደመወዝ» የሚሉ ዐምዶች አሉት፤ «በገዛ ፈቃዱ የተማረው» የሚል ዐምድ የለውም። ማመልከቻውን ተቀብሎ የሚያጣራው የሰው ኃይል ሠራተኛ ሃስኬልን ከፓስካል ለይቶ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ ሥራውም አይደለም። በዚህ ቦታ ላይ ብርቁ ቋንቋ የሚያነበው የሌለ ደብዳቤ ነው። ድሮም በዚሁ ከተማ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ጤና መኮንን የሚባል ለአገሩ አዲስ ሙያ ማሠልጠን ጀመረ። ሐኪም ነው እንዳይባል ሐኪም አይደለም፣ አስታማሚ ነው እንዳይባል አስታማሚ አይደለም። ማዕርጉን ሕዝቡ የተረዳው ከወረቀቱ ሳይሆን በየጤና ጣቢያው ሲሠራ አይቶ ነው።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ልጨምር። ስፔንስ እንዳለው ምልክት የሚመዘነው በወጣበት ዋጋ ከሆነ፣ ዋጋው በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። በአዲስ አበባ ፈጣን ኢንተርኔት ባለበት ቤት ውስጥ ሆኖ ሃስኬል የተማረ ተማሪና በደባርቅ ወይም በዳባት ሆኖ ያንኑ የተማረ ተማሪ አንድ ዓይነት ቃል ይጽፋሉ፤ የከፈሉት ግን አንድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለጃቫ እንኳ መጽሐፍና ኮፒ በእጅ የሚገኝ ሲሆን፣ ለብርቅ ቋንቋ ግን ያለ ኢንተርኔት መምህርም መጽሐፍም የለም። ስለዚህ «ብርቅ ቋንቋ የሚያውቁትን እንጥራ» የሚል ቀጣሪ ብልኆችን የጠራ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን በብዛት የሚጠራው መስመር ያልተቋረጠባቸውን ነው። ከሰሜን ጎንደር ደጋ የመጣው ልጅ ባያውቀው አለመትጋቱን አያሳይም፤ ቢያውቀው ግን ከሌላው ይልቅ ብዙ ያሳያል። ምልክቱን በቁሙ የሚያነብ ሰው ይህን ልዩነት ሊያይ አይችልም።

ደግሞም ከኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቻት ጂፒቲና እርሱን የመሰሉት መሣሪያዎች በሰፊው በሰው እጅ ስለ ገቡ፣ በሃስኬል የተጻፈ ፕሮግራም ማሳየት በራሱ የሚያስወጣው ዋጋ ወርዷል። ድሮ ወር የሚፈጀው ናሙና ዛሬ ከሰዓት በፊት ሊዘጋጅ ይችላል። ይህ ደግሞ ተመልሶ ወደ ቅኔ ቤት ያመጣናል፤ የተጻፈ ነገር ማሳየት ሳይሆን በሰው ፊት ቆሞ መቁጠር።

ስለ ምርጫ መንገዶች የተደረጉት ጥናቶችም ከዚህ ጋር ይስማማሉ። ሽሚትና ሀንተር በ1998 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመዝኑ፣ አመልካቹን የሥራውን ናሙና አሠርቶ መፈተን ከኋለኛው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.54 ሲሆን፣ የሥራ ልምድ ዓመታት ብዛት ግን 0.18 ብቻ ሆኖ አገኙት። ሳኬትና ባልደረቦቹ በ2022 ሒሳቡን እንደገና መርምረው ቁጥሮቹን ዝቅ አደረጓቸው፤ ለሥራ ናሙና 0.33፣ በሥርዓት ለተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ 0.42 ሰጡ። 0.42 ትልቅ ቁጥር አይደለም፤ ከሁሉ የተሻለው መንገድ እንኳ ብዙ ይስታል ማለት ነው። ሆኖም ሰውየው በጽሑፍ የሚዘረዝረውን ከመቁጠር ሲሠራ ማየት ይሻላል።

ለአካባቢያችን የሚስማማ የሥራ ናሙና ምን ሊሆን ይችላል ቢባል፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባሕረ ሐሳብን ይመርጣል። አመልካቹ በፈለገው ቋንቋ፣ በጃቫም ይሁን በሃስኬል፣ ዓመተ ምሕረት ተሰጥቶት አበቅቴንና መጥቅዕን የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም ይጻፍ። ደንቡ የታወቀ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ እርሱ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይባላል፤ ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። ለምሳሌ ያህል 2017ን ብንወስድ ዓመተ ዓለሙ 7517፣ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 12፣ ወንበሩ 11 ነው፤ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑም 29 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆናቸው የሒሳቡ ማረጋገጫ ነው። ይህን ያህሉን ማንም ተማሪ በአምስት መስመር ይጽፈዋል።

ፈተናው የሚመጣው 2005 በተሰጠ ጊዜ ነው። ዓመተ ዓለሙ 7505 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ቀሪው ዜሮ ነው ብሎ አንድ የቀነሰ ፕሮግራም ወንበሩን ከዜሮ በታች አንድ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ቋንቋዎቹ ይለያያሉ፤ ጃቫ አበቅቴን ከዜሮ በታች 11 ይለዋል፤ ፓይተን 19 ይለዋል፤ ሃስኬል ደግሞ ሁለት ዓይነት የቀሪ ስሌት ስላለው እንደ ተጠቀሙበት አንዱን ወይም ሌላውን ይመልሳል። ሦስቱም ተሳስተዋል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ደብተራ ቀሪ ሲጠፋ 19 እንዳለ ይቆጥራል፤ ወንበሩ 18፣ አበቅቴው 18፣ መጥቅዑ 12 ነው፤ የ2005 ጾመ ነነዌም የካቲት 18፣ ፋሲካውም ሚያዝያ 27 የዋለው በዚሁ ነው። በማግስቱ ዓመት በ2006 ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ወንበሩ ዜሮ ስለ ሆነ ማባዛቱ ለመጥቅዕም ዜሮ ይሰጣል፤ በሥርዓቱ ግን መጥቅዕ 30 ነው።

በዚህ ላይ ሃስኬል ያወቀው ተማሪ አንድ ብልጫ ሊኖረው ይችላል፤ ቀሪ የሚባለው ነገር ሁለት ትርጉም እንዳለው ቋንቋው ራሱ አስተምሮታልና ጥርጣሬው ቶሎ ይነቃል። ጃቫ ብቻ የሚያውቀው ተማሪ ግን ውጤቱ ከዜሮ በታች መውጣቱን አይቶ፣ ሁለቱ ተደምረው 30 አለመምጣታቸውን አስተውሎ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ቢያርመው ከእርሱ አያንስም፤ ምናልባትም ይበልጣል። ፈታኙ ይህን ሁሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በዐይኑ ያያል። ማየት እንዲችል ግን የ2005ንና የ2006ን መልስ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ራሱ አውጥቶ መያዝ አለበት፤ በቅጥር ኮሚቴውም ውስጥ ሒሳቡን በእጁ ሊሠራ የሚችል ቢያንስ አንድ ሰው መቀመጥ ይኖርበታል።